ሰማይን ያረሱ ሹማምንት

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምሳሌው ሁለቱም ፈጽሞ የማይሞከሩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተምራል። በጥንታዊቷ ሮማ ግን ሰማይ ይታረስ ነበር፤ አራሹም ገበሬ ሳይሆን ሹም ነበር። አውጉር የተባለው ካህን ጫፉ ቆልማማ የሆነውን በትሩን አንሥቶ ሰማዩን ቀኝና ግራ እያለ እንደ እርሻ ድንበር ይከፍለዋል፤ ከዚያም ወፍ በየትኛው ወገን እንደ በረረ፥ መብረቅም በየትኛው ወገን እንደ ታየ ተመልክቶ፥ ለታሰበው ጉዳይ አማልክት መፍቀዳቸውን ወይም መከልከላቸውን ይናገራል። እንዲህ ያለው ሰው ከዓለም ርቆ በበረሃ የሚኖር ባሕታዊ አልነበረም። ጧት ሰማዩን ያየው ሰው ከቀትር በኋላ በሴኔት ተቀምጦ ስለ ጦርነትና ስለ ግዛት የሚከራከረው ራሱ ነበር። እንግዲህ ሰማዩ ከታረሰ ዘንድ ንጉሡስ ይከሰስ ነበርን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለ ሮማውያን ሃይማኖትና መንግሥት በጓደኞቻችን መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ የሮማ ሃይማኖት መኳንንቱ ድኻውን ለማስፈራራት የያዙት ማታለያ ነበር፤ ከዚህ በቀር ቁም ነገር አልነበረበትም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ሮማ ታላቅ የሆነችው አማልክቷን በመፍራቷ ነው፤ የወደቀችውም ፍርሃቷን በተወች ጊዜ ነው ይላል። የፊተኛው አሳብ ተናጋሪውን ብልህ ያስመስለዋል፤ የኋለኛውም ጨዋ ያሰኘዋል። እኛ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል እንላለን። ዋናው ጥያቄ ሹሙ በልቡ አምኗል ወይስ አላመነም የሚለው አይደለም፤ የሰውን ልብ ገብቶ ያየ ታሪክ ጸሐፊ የለምና። መጠየቅ የሚገባው፥ «አማልክት እንዲህ ይላሉ» የማለት ሥልጣን በስንት ሰው እጅ ነበረ? ይህን የሚለውንስ ሰው «የለም፥ አይደለም» ሊለው የሚችል ማን ነበረ? የሚለው ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በሮማ ከመንግሥት ሰዎች የተለየ የካህናት ወገን አልነበረም ማለት ይቻላል። ታላላቆቹ የክህነት ጉባኤዎች፥ ማለት ሰማይ የሚያዩት አውጉሮችና የአምልኮን ሕግ ከዘመን አቆጣጠር ጋር የሚጠብቁት ፖንቲፌክሶች፥ አባሎቻቸው ራሳቸው ሴናተሮች፥ የጦር አዛዦችና ቆንስሎች ነበሩ። ክህነቱም እስከ ሞት ድረስ የሚያዝ ሹመት ነበር። ቆንስል የተባሉት ሁለቱ የዓመት ገዢዎች ሕዝቡን ለድምፅ ከመሰብሰባቸው ወይም ጦር ይዘው ከመዝመታቸው በፊት ገድ ማየት ነበረባቸው። በአገራችንም ገድ አይቶ ከመንገዱ የሚመለስ መንገደኛ ስለ ነበረ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ ልዩነቱ በሮማ ገዱ የግል ጉዳይ ሳይሆን የመንግሥት ሕግ መሆኑ ነው። ሕዝብ ለምርጫ ተሰብስቦ ሳለ አውጉሩ ክፉ ምልክት ታይቷልና በሌላ ቀን ይሁን ካለ ጉባኤው ይበተናል። ሕግ ከወጣ በኋላም እንኳ ገዱ እንደ ደንቡ አልታየም ተብሎ ከተፈረደ ሴኔቱ ሕጉ እንደማይጸና ሊወስን ይችል ነበር።

ይህን አሠራር በቅርብ ያየ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ፖሊቢዮስ የተባለው ግሪካዊ፥ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 መቄዶንያን ድል ካደረጉ በኋላ በመያዣነት ወደ ሮማ ከተወሰዱት ሰዎች አንዱ ነው። በጻፈው ታሪክ ውስጥ የሮማን መንግሥት አንድ አድርጎ የያዘው የአማልክት ፍርሃት መሆኑን ይናገራል፤ ይህም የተደረገው ለብዙኃኑ ሲባል ነው ይላል። የፊተኛው ወገን ጓደኞቻችን ማስረጃ የሚያደርጉት ይህንኑ ቃል ነው። ዳሩ ግን ፖሊቢዮስ በዚያው ሥፍራ የሚጨምረውን አይጠቅሱም። በእርሱ አገር በግሪክ ለሹም ገንዘብ ቢያስረክቡት ጸሐፊና ማኅተም፥ ምስክርም ቢደረደር እምነት አይገኝም፤ ሮማዊው ሹም ግን ብዙ ገንዘብ በእጁ ሲገባ ስለ መሐላው ብሎ ይጠነቀቃል ሲል ይመሰክራል። እንግዲህ ፍርሃቱ የያዘው ድኻውን ብቻ ሳይሆን ሹሙንም ጭምር ነበር።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የቆንስሉ የፑብልዮስ ቀላውዴዎስ ፑልከር ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ከካርታጎ ጋር በተደረገው ጦርነት ይህ ሰው በሲሲሊያ ደሴት ድሬፓና በተባለው ወደብ አጠገብ ለመዋጋት ሲዘጋጅ፥ ለገድ ተብለው የሚጠበቁት የተቀደሱ ዶሮዎች ጥሬ ቢበተንላቸው አንበላም አሉ። እርሱም ተቈጥቶ፥ መብላት ካልፈለጉ ውሃ ይጠጡ ብሎ ወደ ባሕር አስጣላቸው ይባላል። በጦርነቱም ከዘጠና የሚበልጡ መርከቦች በጠላት እጅ ወደቁበት፤ ወደ ሮማ ተመልሶም ለፍርድ ቀርቦ በገንዘብ ተቀጣ። ስለ ጦርነቱ የጻፈው ፖሊቢዮስ የዶሮዎቹን ነገር አያነሣም፤ የሚተርኩት ከእርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ነገሩ በኋላ ዘመን የተጨመረ ቢሆን እንኳ ሮማውያን ሊናገሩበት የፈለጉት ግልጽ ነው። ቆንስል፥ ያውም ከታላቁ የቀላውዴዎስ ቤት የተወለደ ቆንስል፥ ገዱን ንቆ እንደ ልቡ ማድረግ አይችልም፤ ቢያደርግ ይጠየቃል። ሹሙን ለመያዝ የሚያስችል አንድ ገመድ ነበረ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ገመድ በመጀመሪያ በጥቂት ቤተ ሰቦች እጅ ብቻ ነበር። አውጉርም ፖንቲፌክስም የሚሆኑት ፓትሪክያን የተባሉት ባላባቶች ነበሩ። ፍርድ የሚሰጥበት ቀንና የማይሰጥበት ቀን የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቁት ፖንቲፌክሶቹ ናቸው። ስለዚህ ክስ ለማቅረብ የፈለገ ድኻ ቀኑን ለማወቅ ከባላባቶች ደጅ መጥናት ነበረበት። ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ደግሞ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ304 ግናዮስ ፍላቪዮስ የተባለ ሰው ኤዲል ለሚባለው ሹመት ተመረጠ። አባቱ ነጻ የወጣ ባሪያ ነበር፤ እርሱ ራሱም በጸሐፊነት ሥራ ያደገ ነው። ይህ ሰው የቀኖቹን ዝርዝር በነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አደባባይ አቆመው፤ ክስ የሚቀርብበትንም ቃልና ሥርዓት ገልጦ አወጣው። ባላባቶቹ እጅግ ተናደዱ። አንድ ቀን የታመመ የሥራ ባልደረባውን ሊጠይቅ በገባ ጊዜ በዚያ ተቀምጠው የነበሩት የባላባት ልጆች ተነሥተው እንኳ አልተቀበሉትም፤ እርሱም የሹመት ወንበሩን አስመጥቶ በፊታቸው ተቀመጠበት ተብሎ ተጽፏል። ከአራት ዓመት በኋላ በ300 የኦጉልኒዮስ ሕግ የተባለው ወጣ። በዚህም ሕግ ፖንቲፌክሶቹ ከአራት ወደ ስምንት፥ አውጉሮቹም ከአራት ወደ ዘጠኝ ከፍ አሉ፤ አዲስ የተጨመሩት ሁሉ ፕሌብ ከሚባለው ከተራው ሕዝብ ወገን እንዲሆኑ ተደረገ። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶም ከዚሁ ወገን የተወለደው ጢባርዮስ ኮሩንካኒዮስ የፖንቲፌክሶች አለቃ ሆነ፤ ሕግን ሕዝብ እየሰማ ማስተማር የጀመረ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሮማ ድኻ ቤተ መቅደሱ ይፍረስ አላለም፤ ቁልፉ በእናንተ እጅ ብቻ አይሁን አለ እንጂ። እንዲያውም የራሱን መሣሪያ ያበጀው በሃይማኖት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ተራው ሕዝብ ከባላባቶች ጋር ተጣልቶ ከከተማ በወጣ ጊዜ ትሪቡን የተባሉ ጠበቆቹን መርጦ፥ እነርሱን በክፉ የሚነካ ሰው ለአማልክት የተሰጠ ይሁን፥ ማንም ቢገድለው አይጠየቅበት ብሎ ማለ። ትሪቡኑ ጦር አልነበረውም፤ ጋሻው የሕዝቡ መሐላ ነበር። ይህም መሐላ ቆንስሉን የሚያስቆም ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ። የሮማ ሃይማኖት የመኳንንት ማታለያ ብቻ ነበር የሚሉት ጓደኞቻችን ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ወገንም ደስ እንዳይለው ሌላ ነገር እናንሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ186 የሮማ ሴኔት ባኩስ የተባለውን የወይን አምላክ በሚያመልኩ ማኅበርተኞች ላይ ተነሣ። ሊቪዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ በነገሩ ያሉበት ወንዶችና ሴቶች ከ7000 ይበልጡ ነበር ይላል፤ ብዙዎቹም ተገደሉ። ውሳኔው የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ በ1640 በደቡብ ኢጣልያ ቲሪዮሎ በተባለ ቦታ ተገኝቶ ዛሬ በቪየና ይገኛል። ሰሌዳውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። ሴኔቱ ባኩስ አይመለክ አላለም። የከለከለው ሌላ ነው፤ ወንድ ካህን እንዳይኖራቸው፥ አለቃ እንዳይሾሙ፥ የጋራ ገንዘብ እንዳያኖሩ፥ እርስ በርሳቸው እንዳይማማሉ፥ ያለ ፈቃድም ከአምስት ሰው በላይ፥ ማለት ከሁለት ወንድና ከሦስት ሴት በላይ፥ ለአምልኮ እንዳይሰበሰቡ ነው። ፈቃዱም የሚሰጠው ከ100 የማያንሱ ሴናተሮች ባሉበት ነበር። እንግዲህ ሴኔቱን ያስፈራው እምነቱ አልነበረም፤ አለቃና ገንዘብ ቤት ያለው፥ ሴኔቱ ያልሾመው ማኅበር መቋቋሙ ነበር። የማኅበር አባሎች የሆንን ሁሉ ይህን ዝርዝር ደጋግመን ብናነበው ይጠቅመናል።

ከዚህ በኋላ ገመዱ እየተበጠሰ ሄደ። በ133 ትሪቡኑ ጢባርዮስ ግራኩስ ባለጠጎች ከመጠን በላይ የያዙትን የመንግሥት መሬት ለድኾች ለማደል ሕግ አወጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜም ሊመረጥ ፈለገ። ቆንስሉ ሰው ያለ ፍርድ አላስገድልም ባለ ጊዜ፥ አገሩን ለማዳን የሚፈልግ ይከተለኝ ብሎ ሴናተሮቹን አስነሥቶ የወጣው ስኪፒዮ ናሲካ ነበር። ይህ ሰው ማን ነው? የፖንቲፌክሶች አለቃ ነው። መሥዋዕት እንደሚያቀርብ ካህን የልብሱን ጫፍ በራሱ ላይ ጥሎ ወጣ ብለው ጽፈዋል። ግራኩስና ሦስት መቶ ያህል ተከታዮቹ በዱላና በተሰበረ አግዳሚ ወንበር ተደብድበው ሞቱ፤ ሬሳቸውም ወደ ቲቤር ወንዝ ተጣለ። ትሪቡንን የሚነካ የተረገመ ይሁን የሚለውን መሐላ ያፈረሰው እንግዲህ ከሃዲ አልነበረም፤ ሃይማኖቱን እንዲጠብቅ የተሾመው የካህናት አለቃ ራሱ ነበር። ሴኔቱም አልከሰሰውም፤ የሕዝቡን ቍጣ ፈርቶ በመልእክት ስም ወደ እስያ ሰደደው እንጂ። እዚያው በጴርጋሞን ሞተ።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ሌላው ዐይነት ብልሽት ታየ። በ63 የፖንቲፌክሶች አለቅነት ለምርጫ በቀረበ ጊዜ ዩልዮስ ቄሣር በዕድሜም በክብርም ከሚበልጡት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተወዳደረ። ለድምፅ ያወጣው ገንዘብ ከፍ ያለ ዕዳ ውስጥ ስላገባው በምርጫው ጧት እናቱን ስሞ፥ ዛሬ የካህናት አለቃ ካልሆንሁ ወደዚህ ቤት አልመለስም አላት ይባላል። አሸነፈም። አራት ዓመት ቆይቶ በ59 ቆንስል ሆኖ የመሬት ሕግ ሲያወጣ የሥራ ባልደረባው ቢቡሉስ ተቃወመው። የቄሣር ሰዎች ቢቡሉስን ፋንድያ ደፍተውበት ከአደባባይ አባረሩት፤ እርሱም ከቤቱ ሳይወጣ በየጊዜው፥ ሰማዩን እያየሁ ነኝና ዛሬ ጉባኤ አይደረግም እያለ ማስታወቂያ ይልክ ጀመር። የካህናት አለቃው ቄሣርም እንዳልሰማ ሆኖ ሕጎቹን አወጣ። የሮማ ቀልደኞችም፥ የዘንድሮዎቹ ቆንስሎች ዩልዮስና ቄሣር ናቸው እያሉ ሣቁ።

በዚህ ነገር ማን ጥፋተኛ ነው ብንባል ሁለቱም ነን ይበሉ እንላለን። ቢቡሉስ ሰማዩን ሳያይ አየሁ አለ፤ ቄሣርም የሚጠብቀውን ሕግ ራሱ ረገጠው። ለሹማምንት ልጓም እንዲሆን የተበጀው ነገር አንዱ ወገን ሌላውን የሚመታበት ዱላ ሲሆን ከዱላነትም ያልፋል፤ ማንም አይፈራውም። በዚያው ዘመን ሲሴሮ የተባለው ዝነኛ ተናጋሪ በ53 አካባቢ አውጉር ሆነ፤ በ44 በጻፈው መጽሐፍ ግን ገድና ጥንቆላ እውነትነት እንደሌላቸው ይከራከራል፤ ለመንግሥት ስለሚጠቅም ግን ሥርዓቱ ይጠበቅ ይላል። ሹሙ ለራሱ የማያምንበትን ለሌላው ይጠቅማል ብሎ መጻፍ ከጀመረ ሌላውም አንድ ቀን ማንበቡ አይቀርም።

ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ተበላሽቶ ነበር። ወር ጨምሮ ዓመቱን ከፀሐይ ጋር የማስተካከል ሥልጣን የፖንቲፌክሶች ስለ ነበረ፥ ወዳጃቸው በሹመት ላይ ሲሆን ዓመቱን ያስረዝሙ፥ ጠላታቸው ሲሆን ያሳጥሩ ነበር ተብለው ተከሰዋል። ቄሣር በእስክንድርያው ሊቅ በሶሲጌኔስ ምክር ሒሳቡን ሲያቃና የ46ቱ ዓመት 445 ቀን ሆነ። ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከቄሣር በኋላ የተነሣው አውግስጦስ በግብፅ ዘመን አቆጣጠር ላይ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር አድርጓል፤ የእኛም አቆጣጠር ከእስክንድርያ የመጣ ስለ ሆነ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት የዚያ ሥራ ቅሪት ናት።

ከሉቃስ ወንጌል የምናውቀው አውግስጦስ ቄሣር ከሁሉ የበለጠ ብልህ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፎ ሲገባ ልጓሙን አልበጠሰም፤ ልጓሙን ሁሉ አንድ በአንድ ሰብስቦ በራሱ እጅ ያዘው እንጂ። በ28 በሮማ ከተማ 82 ቤተ መቅደስ እንዳሳደሰ ራሱ ጽፏል። በ27 የተሰጠው አውግስጦስ የሚለው ስም ከአውጉር ጋር ዝምድና አለው ይባል ነበር። በታላላቆቹ የክህነት ጉባኤዎች ሁሉ ገባ፤ ቄሣር አሳዳጊ አባቱ ከሞተ በኋላ አምላክ ተብሎ ስለ ነበር እርሱም የአምላክ ልጅ ተባለ። የትሪቡንነትንም ሥልጣን ያዘ፤ ድኻው ለጠበቃው ያበጀው የመሐላ ጋሻ የንጉሠ ነገሥቱ ጋሻ ሆነ። የካህናት አለቅነት ግን በቀድሞ ጓደኛውና ተቀናቃኙ በሌፒዱስ እጅ ነበር። በኀይል አልነጠቀውም፤ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ብዙ ዓመት ታግሦ በ12 መጋቢት ወር ላይ ተረከበው። ከዚያም በሕዝብ እጅ ይዞሩ የነበሩ ከ2000 የሚበልጡ የትንቢት መጻሕፍት አሰብስቦ አቃጠለ፤ የሲቢላ የተባሉትን ብቻ መርጦ አስቀረ፤ እነርሱንም በቤቱ አጠገብ ባሠራው የአፖሎ ቤተ መቅደስ አስቀመጣቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይህ ነው። ማንም ሰው፥ ዛሬ ሃይማኖታችን ተነካ፥ ወይም ዛሬ ነጻነታችን ተወሰደ ብሎ የሚጮኽበት ቀን አላገኘም።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን አሉ። «ያ የብዙዎች ሥልጣን ምን ፈየደ? ቢቡሉስና ቄሣር እርስ በርስ ሲቆላለፉ አገር ጠፋ፤ አውግስጦስ ግን ሰላም አመጣ» ይሉናል። ሰላም ማምጣቱን አንክድም፤ ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሰላም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሰላሙን ዋጋ እንቍጠር። በ112 አካባቢ በጥቁር ባሕር አጠገብ ያለችውን የቢታንያን ክፍለ ሀገር ይገዛ የነበረው ፕሊኒዮስ ኒቆሜዲያ የተባለችው ከተማ በእሳት መጎዳቷን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ጽፎ፥ 150 ሰው ያለበት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ይቋቋም ዘንድ ፈቃድ ጠየቀ። ትራያን እንደ መልካም ንጉሥ የሚታወስ ነው። መልሱ ግን አይሆንም የሚል ነበር። ሰዎች በማናቸውም ስም ቢሰበሰቡ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ማኅበር ይሆናሉ፤ ስለዚህ የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ይዘጋጅና ባለ ቤቶቹ ይጠቀሙበት አለ። ሥልጣኑ ሁሉ በአንድ እጅ ሲሆን ውሃ የሚቀዱ 150 ሰዎችም ያስፈራሉ። ያው ፕሊኒዮስ የክርስቲያኖችን ነገር ሲመረምር ፈተናው ለንጉሠ ነገሥቱ ምስል ዕጣንና ወይን ማቅረብ፥ ክርስቶስንም መስደብ ነበር፤ እምቢ ብለው በቃላቸው የጸኑት ተገደሉ። የካህናት አለቃው ገዢ፥ ገዢውም የአምላክ ልጅ ከሆነ ዘንድ እምነትን አለመቀበል ሹምን መካድ ሆነ፤ ሹምን መቃወምም አምላክን መድፈር ሆነ።

በመጨረሻ መንግሥቱ ራሱ ክርስቲያን ሆነ። በ313 ሃይማኖቱ ተፈቀደ፤ በ380 ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ ሕዝቡ ሁሉ ይህንኑ እንዲከተል አዘዘ። በ390 በተሰሎንቄ ሕዝቡ አንድ የጦር አዛዥ ስለ ገደለ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ብዙ ሺህ ሰው ፈጁ። ያን ጊዜ የሚላኖ ጳጳስ አምብሮስዮስ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ጽፎ፥ ንስሐ ሳትገባ መሥዋዕቱን በፊትህ አላቀርብም አለው፤ ቴዎዶስዮስም በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ። እንግዲህ ከአውግስጦስ ጀምሮ አራት መቶ ዓመት ያህል ጠፍቶ የነበረው «አይደለም» የሚለው ቃል ተመልሶ የተሰማው፥ ካህኑ ከገዢው የተለየ ሰው በሆነበት ቀን ነው።

ዳሩ ግን ነገሩን በዚህ ብንጨርሰው እውነቱን ግማሽ ብቻ መናገር ይሆንብናል። ይኸው አምብሮስዮስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ388 በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ካሊኒኩም በተባለች ከተማ ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኵራብ ባቃጠሉ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የከተማው ጳጳስ ምኵራቡን መልሶ እንዲሠራ ያዘዘውን ፍርድ አስቀርቷል። ያ ፍርድ ትክክለኛ ነበር፤ አምብሮስዮስም በዚያን ቀን የተበደለውን አልረዳም። ንጉሡን «አይደለም» የሚል ካህን ማግኘት መልካም ነው፤ ካህኑን ደግሞ «አይደለም» የሚለው ከሌለ ገመዱ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አንድ እጅ ተዛወረ እንጂ አልተከፋፈለም።

እንግዲህ ለመነሻ ጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለናል። የሮማን ሰማይ ብዙዎች ባረሱት ጊዜ ቆንስሉም ተከሷል፤ ነጻ የወጣው ባሪያ ልጅ ፍላቪዮስም የቀኖቹን ምስጢር አደባባይ አውጥቷል። ሰማዩ አንድ ባለ ርስት ባገኘ ጊዜ ግን ከሳሹ ጠፋ። ስለዚህ የሮማን ታሪክ የምታነቡ ጓደኞቻችን፥ እነዚያ ሰዎች በዶሮ ጥሬና በወፍ ያምኑ ነበር ብላችሁ ከመሣቅ በፊት፥ ወይም አማልክቱን ስለ ፈሩ ታላቅ ሆኑ ብላችሁ ከማድነቅ በፊት፥ በየገጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሰሌዳውን የያዘው ማን ነው? በአደባባይ ቆሟል ወይስ በቤቱ ተቆልፏል? እኛ ወገናችንን ለይተናል፤ ወንበሩን አስመጥቶ በባላባቶቹ ልጆች ፊት ከተቀመጠው ጸሐፊ ጋር ነን።